ኮምፕሬሰር ስከፍት የጊታሬ ምት ይጠፋል፣ ህምታውም ይጨምራል፣ ምን ላርግ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባንድ ጋር እጫወታለሁ። ጊታሬ ሲንግል ኮይል ነው (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ነው)፣ አምፑ ማለትም ድምፅ ማጉያው ደግሞ ትራንዚስተር ነው፣ ከወር በፊት ኮምፕሬሰር ፔዳል (በእግር የሚከፈት የድምፅ መቆጣጠሪያ ሳጥን) ገዛሁ፣ አራት ቁልፍ ያለው፣ ሌቭል (የድምፅ መጠን) ቶን (የድምፅ ቀለም) አታክ (የምቱ መነሻ) ሰስቴን (የኖታው መርዘም)። ቤት ብቻዬን ስጫወት በጣም ነው የሚያምረው፣ ትዝታ ላይ አንዷን ኖታ ይዤ ስቆም እንደ ማሲንቆ ትረዝምልኛለች። መድረክ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ችክችካ ሲጀመር ጊታሩ የለም፣ ድራሙና ቤዙ ይውጡታል፣ ዘፋኙ ዞር ብሎ ጨምር ጨምር ይለኛል፣ ስጨምር ደግሞ ዘፈኑ አልቆ ዝም ስንል ህምምም የሚል ድምፅ ግቢውን ይሞላዋል። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን ሌላውን ፔዳል) ስከፍትማ ጭራሽ ሹክሹክታ ይጨመርበታል። ሰስቴኑን ሙሉ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አድርጌዋለሁ፣ አታኩ ዜሮ ላይ ነው፣ ፔዳሉ ከዲስቶርሽኑ በኋላ ነው ያለው። ልሽጠው ወይስ አጠቃቀሙን ነው ያላወቅኩት? የጥር ሰርግ ሳይደርስ ላስተካክለው ፈልጌ ነው በናታችሁ።

ድርድር፦
ወንድሜ እንዳትሸጠው። ኮምፕሬሰር የሚሰራው ጮክ ያለውን ምት ይጫነዋል ከዛ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ያደርገዋል በቃ። ለምሳሌ ሬሾው (የሚጫንበት ልክ) 4 ለ 1 ከሆነ መጫን ከሚጀምርበት ገደብ በ8 ዲሲቤል ያለፈ ምት በ2 ዲሲቤል ብቻ አልፎ ይወጣል። አሁን አስበው፣ ችክችካ ላይ አንተን ከድራሙ የሚለይህ ምንድነው? ፒኩ ክሩን ሲነካ ቅ የምትለዋ ነገር ናት፣ በጣም አጭር ናት፣ አታኩን ዜሮ ስታደርገው መጀመሪያ የሚጨፈልቀው እሷን ነው። የግርፍ ክራር ስትሰማ ያቺ ቅ ቅ ብትጠፋ ምን ይቀርሃል? ቤት ውስጥ ያማረህ የኖታው ጭራ ነው፣ መድረክ ላይ የሚሰማው ግን ጭንቅላቱ ነው፣ ጭራውን ሲምባሉ ይሸፍነዋል።

እንዲህ አርግ፣ ሰስቴኑን ሩብ ላይ አውርደው፣ ከዛ ችክችካውን እየመታህ አታኩን ቀስ እያልክ ወደ ቀኝ አዙር፣ ቅ የምትለዋ የተመለሰችበት ቦታ ላይ ተወው። ሌቭሉን ደግሞ ፔዳሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ እኩል እስኪሆን አስተካክለው፣ ምክንያቱም ጆሮ ጮክ ያለውን ሁሌ የተሻለ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ እኔ ራሴ ለስንት ጊዜ ፔዳሉ አሳመረው ስል የነበረው ድምፁን ስለጨመረው ብቻ ነበር።

ቲዩብ ወዳድ፦
ድርድር ያለው ልክ ነው ግን ዲስቶርሽኑን ዘሎታል፣ ዋናው ችግር እኮ እዛ ጋ ነው። ዲስቶርሽን ራሱ ኮምፕሬሽን ነው፣ የምቱን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ለስላሳ ብትመታም በኃይል ብትመታም ድምፁ ተቀራራቢ ነው። ከኋላው ኮምፕሬሰር ስታስገባ የሚጫነው ብዙ ነገር አያገኝም፣ እጅህን ስታነሳ ግን ሹክሹክታውን ከፍ ያደርግልሃል። ኮምፕሬሰሩን ከጊታሩ ቀጥሎ መጀመሪያ ላይ አድርገው፣ ዲስቶርሽን ስትከፍት ደግሞ ዝጋው።

ቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቲዩብ የሚሰራ ማጉያ) ላይ ደግሞ ይሄ መጫን በተፈጥሮው አለ። ሬክቲፋየሩ (ኤሲ መብራትን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ክፍል) ቲዩብ የሆነ አምፕ ድምፁን ከፍ አድርገህ በኃይል ስትመታ ቮልቴጁ ለአፍታ ይወርድና ይመለሳል፣ ጣትህ ስር እንደ ላስቲክ ሳብ ለቀቅ ሲል ይታወቅሃል፣ እሱን የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ ፔዳል አይፈልግም። ያንተ ትራንዚስተር ስለሆነ ይሄ የለውም፣ ስለዚህ ትንሽ ኮምፕሬሽን ይጠቅምሃል፣ ትንሽ ግን። ሌላ ጊዜ ስትገዛ ብሌንድ ቁልፍ ያለውን ፈልግ፣ ያልተነካውን ድምፅ ከተጫነው ጋር ስለሚቀላቅል ምቱም ጭራውም ይኖርሃል።

የሚክሰሩ ሰው፦
ልጄ ህምታው የ50 ሄርዝ መብራት ነው፣ ሲንግል ኮይል ይስበዋል። ስትጫወት ኮምፕሬሰሩ ተጭኖ ስለሚይዘው አይሰማህም፣ ዝም ስትል ይለቀውና ያድጋል፣ ለዚህ ነው በዘፈንና በዘፈን መሃል የሚጮኸው። መጀመሪያ ፔዳሉን በአዳፕተር ሳይሆን በ9 ቮልት ባትሪ ሞክረው፣ ህምታው ከቀነሰ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው። ካልቀነሰ ጊታሩን እንደያዝክ ቀስ ብለህ ዙር፣ ዝም የሚልበት አቅጣጫ ታገኛለህ፣ ከአምፑ ትራንስፎርመርና ከጌጥ መብራቶቹ ዲመርም (ብርሃን መቀነሻ) ራቅ በል። ሰው የምድር ሽቦውን ቁረጠው ቢልህ እንዳትሰማው፣ እርጥብ ሣር ላይ ቆመህ ጊታርም ማይክም እየነካህ ነው፣ ይገድላል። ደግሞ ሳውንድ የሚሰራላችሁን ልጅ ጠይቀው፣ ጊታሩ ቻናል ላይ ኮምፕሬሰር ከፍቶ ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው የተጨፈለቅከው።

ጣና ዳር፦
ተመለስኩ። የሚክሰሩ ጋሼ እንዳሉት በባትሪ ሳደርገው ህምታው ከግማሽ በላይ ጠፋ፣ ሚክሰሩ ላይም እውነትም ተከፍቶ ነበር ልጁ ዘጋልኝ። ኮምፕሬሰሩን መጀመሪያ ላይ አድርጌ አታኩን ግማሽ አሳልፌ አዞርኩት፣ ቅዳሜ ችክችካው ላይ የራሴን ምት ከአታሞው ጎን ለይቼ ሰማሁት፣ ዘፋኙም አልዞረም። ማታ መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሳ ግን ህምታው ትንሽ ተመልሷል፣ እሱን ገና እያየሁት ነው። ትዝታ ላይ ያቺ ረጅም ጭራ ስለምትናፍቀኝ ለሷ ብቻ ሰስቴኑን ጎንበስ ብዬ እጨምርና ስንጨርስ እመልሰዋለሁ፣ በእግር የሚሆን ዘዴ ያለው ካለ ይንገረኝ።