አል ፓስቶር ታኮ በቤት ውስጥ፦ ሥጋው ለምን አይጠበስልኝም?

ጥያቄ፦ የማታ ፈረቃ (ዳላስ)

ጤና ይስጥልኝ። አል ፓስቶር የሚባለውን የሜክሲኮ ታኮ፣ በቀይ ቅመም ተዘፍዝፎ በቁም ምሰሶ ላይ እየተሽከረከረ የሚጠበሰውን የአሳማ ሥጋ፣ በቤቴ ልሠራው ፈልጌ አልሆነልኝም። ጓሂዮ የተባለውን ደረቅ በርበሬ፣ አቺዮቴ የተባለውን የሚያቀላ ዘር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቼቶና ጥሬ አናናስ አንድ ላይ ፈጭቼ፣ ሥጋውን እንደ ጥብስ ከትፌ ሌሊቱን በቅመሙ ውስጥ አሳደርኩት። መጥበሻ ላይ ሳደርገው ውሃውን ለቅቆ ተቀቀለ እንጂ አልተጠበሰም። ላዩ ልፍስፍስ ብሏል፣ ቅመሙም መረር ይላል። ምሰሶ የለኝም፤ ያለኝ ተራ ኦቨንና አንድ ወፍራም የብረት መጥበሻ ነው። ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሽንኩርት ከታፊው (ሎስ አንጀለስ)

ወንድሜ፣ የነገርከን ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንድ ላይ ስለመጡብህ ነው የከበዱህ።

ልፍስፍስ ያደረገው አናናሱ ነው። ጥሬ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌን የሚባል፣ ፕሮቲንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ከሆነ ሥጋውን ያለሰልሰዋል፤ ካደረ ግን ላዩን ይጨርሰዋል። የቆርቆሮ አናናስ ሲታሸግ በሙቀት ስለሚያልፍ ኢንዛይሙ አይሠራም። ለመዘፍዘፊያው የታሸገ ጭማቂ ተጠቀም፤ ጥሬውን አናናስ መጨረሻ ላይ ጠብሰህ ከላይ ታደርገዋለህ።

መራራ ያደረገው በርበሬው መቃጠሉ ይመስለኛል። ጓሂዮም ሆነ አንቾ የሚባለው ሌላው ደረቅ በርበሬ ስስ ልጣጭ ነው ያላቸው፤ በደረቅ ምጣድ ላይ በየጎናቸው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃቸዋል። ሽታቸው እንደሸተተህ አንሳቸው። ቀድመህ ዘራቸውን አራግፍ፣ ካመስካቸው በኋላ በፈላ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፋቸው። የተዘፈዘፉበትን ውሃ ቅመሰው፤ ከመረረ ድፋውና በንጹሕ ውሃ ፍጭ። በወንፊት ማጥለሉንም አትተወው፤ የጓሂዮ ልጣጭ በመፍጫ አይደቅም፣ ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል።

ዋናው ግን አለመጠበሱ ነው። ሰው ሁሉ የቅመሙን ምጣኔ ይጠይቃል፤ እኔ እዚህ ከተማ ታኮ ቤት ጓዳ ውስጥ ስሠራ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ትሮምፖ በሚሉት ምሰሶ ላይ ስስ ስስ ሆኖ የተቆረጠው ሥጋ ተደራርቦ ይሰካል፤ የላዩ ወደ እሳቱ ዞሮ ጠርዙ ሲጠቁር የውስጡ ገና በራሱ ስብ እየበሰለ ነው። ቆራጩ የጠቆረውን ብቻ ልጦ ያወርዳል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ተራውን ለእሳቱ ይሰጣል። ሥጋው መጀመሪያ በዝግታ ይበስላል፣ ኋላ በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል ማለት ነው። አንተ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ልትሠራ ስለሞከርክ ነው ውሃ የለቀቀብህ።

ለኦቨን እንዲህ አድርገው። 1.5 ኪሎ የአሳማ ትከሻ ግዛ፣ ስቡ ሳይወጣ። ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል አቆየው፤ ጠንከር ሲል ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ትቆርጠዋለህ። ለቅመሙ 6 ጓሂዮ፣ 2 አንቾ፣ 50 ግራም የአቺዮቴ ድቁስ፣ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ኩባያ አቼቶ፣ ግማሽ ኩባያ የታሸገ የአናናስ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ፣ ግማሽ ማንኪያ ከሙን፣ 2 ቅርንፉድና 20 ግራም ጨው። እያንዳንዱን ቁራጭ በቅመሙ ለውሰህ፣ ረጅሙ የዳቦ መጋገሪያ ውስጥ እየጠቀጠቅህ ደርድር። በፎይል ሸፍነህ በ275 ፋራናይት፣ ማለትም በ135 ሴልሺየስ ገደማ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይብሰል። ቢላ ሳያንገራግር ከገባ ደርሷል። ከዚያ ከላዩ ክብደት ጫንበትና በማቀዝቀዣ ይደር፤ ጭማቂውን ለብቻ አስቀምጥ።

በማግስቱ የረጋውን ሥጋ ከዳር ጀምረህ በስሱ ትቆርጣለህ፤ የተደራረበው ሁሉ በአንድ ቁራጭ ላይ ይታይሃል። የብረት መጥበሻህን እስኪጨስ አግለህ፣ ከላይ የረጋውን ስብ ጨምረህበት፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግህ ጥበስ። መጥበሻውን አታጨናንቀው። ጠርዙ ሲጠቁር ያስቀመጥከውን ጭማቂ አንድ ማንኪያ ጣል አድርግበትና አውርደው።

መልስ፦ እማማ ዳቦ (ፍራንክፈርት)

ልጄ፣ ከላይ የተነገረህ ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል። ከሥራ ገብቶ ለሚያበስል ሰው ሌላ መንገድ አለ። ስስ የተቆረጠውን ሥጋ አራት ሰዓት ብቻ ዘፍዝፍ፤ ቅመሙን ጠራርገህ በሽቦ ላይ አንጥፍ፤ የኦቨኑን የላይ እሳት እስከ መጨረሻው ከፍተህ ከቅርብ ጥበሰው፣ ገልብጠው፣ ከዚያ ክተፈው። የተደራረበውን ያህል አይለሰልስም፣ ጠርዙ ግን ያማረ ይሆናል። ጥሬ ሥጋ የነካውን የተረፈ ቅመም ሳታፈላ ገበታ ላይ እንዳታቀርብ።

ታኮው ስለሚጠቀለልበት ቂጣ፣ ስለ ቶርቲያው ማንም አላነሳም! የበቆሎውን ትንሿን ግዛ፣ ደረቅ ምጣድ ላይ ከሁለት በኩል አሙቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ አቆያት። ለአንድ ታኮ ሁለት ደራርብ፤ አንዷ ብቻዋን መረቁን አትችለውም። ከላይ በደቃቁ የተከተፈ ነጩ ዓይነት የራስ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ። አይብና ሰላጣ የሚነሰንሱበትን አይቻለሁ፤ እኔ ቤት አይገባም።

መልስ፦ ሻይ በናና (ሪያድ)

እኔ የአሳማ ሥጋ አልበላም፣ እዚህም አይሸጥም። በበግ ወይም በዶሮ ቢሠራ ስሙን ያጣል?

መልስ፦ ሽንኩርት ከታፊው (ሎስ አንጀለስ)

እህቴ፣ አያጣም። እንዲያውም ምሰሶው ከእናንተ አካባቢ የሄደ ነው። ከሊባኖስና ከአካባቢው ወደ ሜክሲኮ የተሰደዱ ሰዎች የሻዋርማ አጠባበሳቸውን ይዘው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፑኤብላ ከተማ ውስጥ «የዐረብ ታኮ» የሚባለው በስንዴ ቂጣ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬም አለ። የአሳማው ሥጋ፣ ቀዩ በርበሬና አቺዮቴው ቆይተው የመጡ የሜክሲኮ ጭማሪዎች ናቸው። የበግ ትከሻ ከሆነ በዳቦ መጋገሪያው መንገድ እንዳለ ይሠራል። ለዶሮ አጥንት የሌለውን ጭን ተጠቀሚ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ አትዘፍዝፊው፣ በ220 ሴልሺየስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ የውስጡ ሙቀት 74 መድረሱን አረጋግጪ።

መልስ፦ ከመርካቶ ማዶ (አዲስ አበባ)

ጓሂዮና አቺዮቴ እዚህ ከየት ይመጣሉ? በርበሬ አለን፤ የቤቱን በርበሬ በአቼቶ ለውሼ ብዘፈዝፍበትስ?

መልስ፦ እማማ ዳቦ (ፍራንክፈርት)

እንዳታደርገው። የተዘጋጀው በርበሬ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና ሌላው ቅመም ሁሉ ገብቶበታል፤ የሚወጣልህ ጣፋጭ ቀይ ጥብስ ነው እንጂ ታኮ አይደለም። ያልተደለዘውን የዛላ በርበሬ ግዛ፣ ዘሩንና ጅማቱን አውጣ፣ በፈላ ውሃ ዘፍዝፈህ ፍጨው። የእኛ ዛላ ከጓሂዮ በጣም ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሦስት ዛላ ካደረግህ የቀረውን ቀለምና ውፍረት በማያቃጥል ፓፕሪካ ሙላው። አንቾ የሚሰጠውን ጣፋጭነት ጥቂት ዘቢብ አብረህ ብትፈጭ ታገኘዋለህ። የአቺዮቴ ዋና ሥራው ማቅላት ነው፤ ቢቀር ሰማይ አይደፋም።

ቶርቲያውን ግን በተራ የበቆሎ ዱቄት ለመጋገር አትድከም። የሜክሲኮው ዱቄት በኖራ ውሃ ከተቀቀለ በቆሎ የሚሠራ ስለሆነ ነው ሊጡ የሚያያዘው፤ የእኛው ይሰነጣጠቃል። በስንዴ ዱቄት ጋግር። በሰሜን ሜክሲኮ የስንዴ ቶርቲያ የዘወትር ምግብ ነው፣ ማንም አይስቅብህም።

የማታ ፈረቃ (ዳላስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዳቦ መጋገሪያውን መንገድ እይዛለሁ፤ ሐሙስ ማታ ዘፍዝፌ ዓርብ አበስላለሁ። እንግዶቼ አሥር ናቸው። ስንት ኪሎ ልግዛ?

መልስ፦ ሽንኩርት ከታፊው (ሎስ አንጀለስ)

ለአንድ ሰው አራት ታኮ ያዝ። አንድ ታኮ ከ40 እስከ 50 ግራም የበሰለ ሥጋ ይወስዳል፤ ሲበስል ሲሶው እንደሚቀንስ አስበህ 3 ኪሎ ጥሬ ሥጋ ግዛ፤ ቅመሙን እጥፍ አድርገህ በሁለት መጋገሪያ ክፈለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገቡ ኦቨኑ ስለሚዘገይ ግማሽ ሰዓት ጨምርለት። እትዬ እንዳሉት የምትደራርብ ከሆነ 80 ቶርቲያ ያስፈልግሃል። ያን ሁሉ እያሞቅህ ሥጋም መጥበስ አትችልም፤ ከእንግዶቹ ቀልጠፍ ያለውን አንዱን ምጣዱ ላይ መድበው።