በኤድመንተን ብርድ የተጀመረውን ቤታችንን በየትኞቹ ደረጃዎች ማየት አለብን?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት (ኤድመንተን)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔና ባለቤቴ በካናዳ፣ በኤድመንተን ደቡባዊ ዳርቻ በስማችን በገዛነው ቦታ ላይ፣ ለልጆቻችንና ከእኛ ጋር ለሚኖሩት እናቴ የሚሆን ቤት ከነቤዝመንቱ (ከመሬት በታች ካለው ወለል ጋር) እያሠራን ነው። ቁፋሮው የተጀመረው በኦክቶበር መጨረሻ ሲሆን፣ የመሠረቱ ግድግዳ አርማታ የተሞላው ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ በሚወርድበት ሳምንት ነበር። ሠራተኞቹ ካሳፎርማውን፣ ማለትም አርማታው የሚሞላበትን ቅርጽ፣ በወፍራም መሸፈኛ አልብሰውት ነበር፤ ሆኖም በማግስቱ ሳልፍ በሰሜኑ ማዕዘን በኩል ነፋስ መሸፈኛውን ገልጦት፣ የግድግዳው አናት ላይ ውርጭ ተጋግሮ አየሁ። የሳይቱን ኃላፊ ብጠይቀው «እዚህ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው» ከማለት በቀር ማብራሪያ አልሰጠኝም።

ባለቤቴም እኔም የምንሠራው በፈረቃ ነው፤ ኮንትራክተሩም ያለ ቀጠሮ ወደ ሳይቱ እንድንገባ አይፈቅድም። ስለዚህ በየቀኑ መከታተል ስለማንችል፣ የግድ መገኘት ያለብን በየትኞቹ ደረጃዎች እንደሆነ፣ ያ ማዕዘን ተበላሽቶ እንደሆነ እንዴት እንደምናውቅ፣ ባንኩ በየደረጃው የሚለቀውን ክፍያ በተመለከተም ልንጠነቀቅበት የሚገባውን ብታስረዱን ውለታችሁ አይረሳም።

መልስ፦ የቀድሞ የሳይት መሐንዲስ (ዊኒፔግ)

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። አዲስ አበባ ስሠራ የምንሰጋው ፀሐይና ነፋስ አርማታውን ቀድመው እንዳያደርቁት ስለነበር ጠዋትና ማታ ውሃ እናጠጣው ነበር፤ እዚህ ግን የሚያሰጋው በውስጡ ያለው ውሃ ሲሚንቶው ሳይጠነክር እንዳይቀዘቅዝ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ገና ያልጠነከረውን ሊጥ ከውስጥ ይሰነጣጥቀዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የቀዘቀዘ አርማታ ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊያጣ ይችላል፣ በኋላ ቢሞቅም ያጣውን አይመልስም።

የካናዳ ብሔራዊ የሕንፃ ኮድ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ አርማታው ሲቦካና ሲሞላ ከ10 ዲግሪ ያላነሰ፣ ከ25 ዲግሪም ያልበለጠ ሙቀት ሊኖረው፣ ከተሞላም በኋላ ለ72 ሰዓት ከ10 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ሊጠበቅ ይገባል። ስለዚህ ለኃላፊው የሚቀርበው ጥያቄ ልማዱ ምን እንደሆነ ሳይሆን፣ በእነዚያ 72 ሰዓታት በመሸፈኛው ሥር የተለካው ሙቀት ስንት እንደነበር ነው። ከአርማታ መኪናው ጋር የመጣውን የማስረከቢያ ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ፤ የአርማታው ዓይነትና መኪናው የተጫነበት ሰዓት በላዩ ላይ ይገኛል።

ማዕዘኑን በተመለከተ፣ አርማታ ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭና የእንጨት ካሳፎርማም ቅዝቃዜን በመጠኑ ስለሚከላከል፣ ጉዳቱ ከደረሰ በአብዛኛው በግድግዳው አናትና በጠርዙ ላይ ነው የሚሆነው። ካሳፎርማው ሲነሳ በጠራራ ብርሃን ይዩት። በገጹ ላይ እንደ ቅጠል ሥር የተዘረጋ የበረዶ አሻራ ካለ፣ ወይም በምስማር ሲፋቅ እንደ ኖራ እየተፈረፈረ የሚወርድ ከሆነ፣ ከኮንትራክተሩ ነጻ የሆነ መሐንዲስ መጥቶ ጥንካሬውን እንዲለካ በጽሑፍ ይጠይቁ። ገጹ ጠጣርና አንድ ወጥ ከሆነ ግን እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚያ ማዕዘን እንቅልፍ አላጣም።

እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ከግድግዳው በታች ያለው አፈር ነው። የኤድመንተን አፈር በብዙ ሰፈሮች ጥንት በሐይቅ ግርጌ የተጠራቀመ ሸክላ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲቀዘቅዝም ውሃን ከሥሩ ወደ ላይ እየሳበ የበረዶ ንጣፍ ስለሚሠራ በላዩ ያለውን መሠረት የማንሳት ኃይል አለው። ቤቱ ተጠናቆ ሲሞቅ የቤዝመንቱ ሙቀት አፈሩን ይጠብቀዋል፤ አሁን ግን ጉድጓዱ ክፍት ነው፣ የሚያሞቀውም የለም። ስለዚህ የቤዝመንቱ ወለል እስኪሞላና ቤቱ ማሞቂያ እስኪገባለት ድረስ የመሠረቱ ዙሪያና የውስጡ አፈር እንዳይቀዘቅዝ ምን እየተደረገ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በቀዘቀዘ አፈር ላይ አርማታ እንዲሞሉም በፍጹም አይፍቀዱ። የውጭው አፈርም የላይኛው ወለል እንጨት ተገጥሞ ግድግዳውን ከመደገፉ በፊት ሊመለስ አይገባም፤ ሲመለስም የቀዘቀዘ ጓል የተቀላቀለበት አይሁን። ጓሉ በጸደይ ሲቀልጥ በቦታው ባዶ ይቀራል፣ አፈሩም ወደ ግድግዳው ይዘምማል፣ የጣሪያው ውሃም ተከትሎት ወደ ቤዝመንቱ ይመጣል።

መልስ፦ አናጢው (ካልጋሪ)

የመሐንዲሱን ሐሳብ እጋራለሁ። እኔ የምጨምረው ከመሬት በላይ ያለውን ነው፤ ጊዜያችሁ ጠባብ ከሆነና አንድ ቀን ብቻ ፈቃድ መውሰድ የምትችሉ ከሆነ፣ ያ ቀን ኢንሱሌሽኑ (ብርድ መከላከያው ሙሌት) እና የእንፋሎት መከላከያ ላስቲኩ ተጠናቀው ድራይዎሉ (የውስጥ ግድግዳ የጂፕሰም ሰሌዳው) ሊገጠም ሲል ያለው ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚሸፈነውን ነገር ግድግዳ ሳይፈርስ ማንም አያየውም። የከተማው መርማሪም በተወሰኑ ደረጃዎች ይመጣል፣ ነገር ግን ብዙ ቤት የሚያዳርስ ሰው ስለሆነ እያንዳንዱን ማዕዘን ያያል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከዚያ በፊት ግን በረዶ በክፍት ወለል ላይ መውረዱ የማይቀር ነው፤ እሱ ብቻውን አያስደነግጣችሁ። መጠየቅ ያለበት በረዶው በአካፋ ተጠርጎ ወጥቷል ወይስ በማሞቂያ እንዲቀልጥ ተደርጓል የሚለው ነው፤ የቀለጠው ውሃ በወለሉ ጣውላ መጋጠሚያ ሰርጎ ጠርዙን ያሳብጠዋል። ኮዱ እንጨት ሲገጠም እርጥበቱ ከ19 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በጥቂት ዶላር ከዕቃ መደብር ስለሚገኝ፣ ገዝታችሁ የግድግዳውን የታችኛውን አግዳሚ እንጨት፣ በተለይ የመጸዳጃ ቤቱንና የሰሜኑን ግድግዳ፣ ራሳችሁ ለኩ። ርጥብ እንጨት ላስቲክ ከለበሰ በኋላ መድረቂያ የለውም።

ላስቲኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ ተግባሩ በቤት ውስጥ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ግድግዳው ሆድ ገብቶ የውጭውን ቀዝቃዛ ጣውላ ሲነካ ውርጭ እንዳይሆን መከልከል ነው። ሰው ስለ ላስቲኩ ውፍረት ብዙ ይጨነቃል፤ እኔ ባየሁት ግን ችግሩ ሁልጊዜ ቀዳዳው ላይ ነው። መጋጠሚያዎቹ በማይደርቀው ጥቁር ማሸጊያ ላይ ተደራርበው መታተማቸውን፣ በውጭ ግድግዳ ያሉት የሶኬት ሣጥኖች ከኋላቸው መታሸጋቸውን፣ ወለሉን የሚሸከሙት እንጨቶች በመሠረቱ ግድግዳ ላይ የሚያርፉበት ዙሪያ በእጅ ሲዳሰስ ነፋስ የማያስገባ መሆኑን እዩ። የኩሽናው የውሃ ቱቦ በውጭ ግድግዳ ውስጥ እንዳያልፍም ተከላከሉ፤ ማጠቢያው በመስኮት ሥር እንዲሆን የፈለጋችሁ ከሆነ፣ ቱቦው በወለሉ በኩል ወደ ካቢኔቱ ይውጣ።

ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አቲክ አትርሱ። የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ቱቦው ኢንሱሌሽን ለብሶ እስከ ውጭ መድረስ አለበት። በአቲክ ውስጥ የሚተፋ ወይም በመንገድ ላይ የተላቀቀ ቱቦ ብርዱ በጠናበት ሳምንት ጣውላውንና የምስማሩን ጫፍ ሁሉ በውርጭ ይሸፍነዋል፤ አየሩ በድንገት ሲሞቅ ያ ሁሉ ቀልጦ በኮርኒሱ ላይ ይዘንባል። እዚህ ካልጋሪ ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ በመጣ ቁጥር ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ የሚደውል ሰው አይጠፋም፣ ጣሪያው ግን ደህና ነው።

የቻላችሁ እንደሆነ ድራይዎሉ ከመገጠሙ በፊት የአየር ፍሰት ምርመራ በራሳችሁ ወጪ አሠሩ። በሩ ላይ በሚገጠም ትልቅ ማራገቢያ በ50 ፓስካል ግፊት ሲለካ አየር የሚገባበት ቀዳዳ በእጅ መዳፍ ሳይቀር ይታወቃል፣ ለመድፈንም በዚያን ጊዜ ቀላል ነው።

መልስ፦ የቤት እመቤት (ኤድመንተን)

ወንድሞቼ ስለ ግድግዳው በቂ ተናግረዋል፤ እኔ በቤቱ ውስጥ ስለሚኖረው ሰው ልናገር። በአዲስ ቤት የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፍን ሰዎች እንደምናውቀው፣ አየር የማያስገባ ቤት አየር አያስወጣምም። እንጀራ ሲጋገርና ወጥ ሲንተከተክ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ካጣ መስኮቱን ሁሉ ያልበዋል፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይም ሻጋታ ይጀምራል። ስለዚህ የምድጃው የጭስ መሳቢያ እንፋሎቱን አጣርቶ ወደ ኩሽናው የሚመልሰው ዓይነት ሳይሆን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው እንዲሆን ከአሁኑ ያስለውጡ። በጣም ኃይለኛ መሳቢያ ከመረጡ ግን፣ የሚወጣውን አየር የሚተካ መግቢያ እንደሚያስፈልግ የማሞቂያ ባለሙያውን ያማክሩ። ምጣዱ የሚቀመጥበትን ቦታ አሁን ወስነው ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ መስመር ያስዘርጉለት፤ እኛ ቤዝመንት ውስጥ መስኮት አጠገብ በማድረጋችን ተመችቶናል።

ኤችአርቪ የሚባለው መሣሪያ የቤቱን አየር ሲያስወጣ ሙቀቱን ለሚገባው አየር ያስተላልፋል። በርክክቡ ቀን ማጣሪያው የት እንዳለና እርጥበቱ እንዴት እንደሚስተካከል በተግባር እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። ውጭው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን የቤቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ብዙም ባይበልጥ ይመከራል፤ ቆዳ ያደርቃል፣ እናትዎም ያማርሩ ይሆናል፣ ነገር ግን መስኮቱ ይተርፋል።

እናትዎ ወይም ልጆቹ ቤዝመንት የሚተኙ ከሆነ፣ የመኝታ ክፍሉ መስኮት በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መሆን አለበት፤ ኮዱ ክፍቱ ቢያንስ 0.35 ካሬ ሜትር፣ በየትኛውም በኩል ከ380 ሚሊ ሜትር ያልጠበበ እንዲሆን ይጠይቃል። የቤዝመንቱ ወለል ከመሞላቱ በፊትም ከአፈር ወደ ቤት የሚገባው የሬዶን ጨረራማ ጋዝ ማውጫ ቱቦ በጠጠሩ ውስጥ መቀበሩንና ላስቲኩ መነጠፉን አይተው ፎቶ ያንሱ። ከገባችሁ በኋላ በብርዱ ወራት ቢያንስ ለ3 ወር የሚቆይ መለኪያ አስቀምጡ፤ ውጤቱ በሜትር ኩብ ከ200 ቤኬሬል ካለፈ የጤና ካናዳ መመሪያ እንዲስተካከል ይመክራል።

መልስ፦ በሪል እስቴት ሥራ ያለ (ካልጋሪ)

ስለ ክፍያው ባጭሩ። ቦታው በስማችሁ ስለሆነ፣ ከኦገስት 29 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የክፍለ ግዛታችን የአልበርታ የክፍያና የግንባታ መያዣ መብት ሕግ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ 10 በመቶ እንድታስቀሩ ያዛል። ኮንትራክተሩ ያልከፈለው የቧንቧ ሠራተኛ ወይም ዕቃ አቅራቢ በቤታችሁ ላይ መያዣ ማስመዝገብ ይችላልና ይህ ገንዘብ መጠበቂያችሁ ነው። የማስመዝገቢያው ጊዜ በአጠቃላይ 60 ቀን ሲሆን ለኮንክሪት ሥራ 90 ቀን ነው። ባንኩ ያስቀርልኛል ብላችሁ አትተዉት፤ ማን እንደሚይዘው ጠበቃችሁ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

ዋስትናውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የአዲስ ቤት ገዢዎች ጥበቃ ሕግ ለሥራና ለዕቃ 1 ዓመት፣ ለማሞቂያ፣ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ መስመሮች 2 ዓመት፣ ለቤቱ ውጫዊ ልባስ 5 ዓመት፣ ለዋናው አካል 10 ዓመት ዋስትና ያስገድዳል። ያነሳችሁትን ፎቶ ሁሉ ከነቀኑ አስቀምጡ፤ የማዕዘኑንም ጉዳይ ዛሬውኑ በኢሜይል ለኮንትራክተሩ ጻፉ። በቃል የተነገረ ነገር በአምስተኛው ዓመት ላይ ማስረጃ አይሆንም።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢሜይሉን ልኬያለሁ፤ ካሳፎርማው ሐሙስ ይነሳል ተብሏል፣ በቦታው እንድገኝም ፈቅደውልኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የቤዝመንቱን ወለል ከመሙላታቸው በፊት ጉድጓዱን በፕሮፔን ማሞቂያ ሊያሞቁት እንደሆነ ነግረውኛል። ይህ በቂ ነውን?

መልስ፦ የቀድሞ የሳይት መሐንዲስ (ዊኒፔግ)

ማሞቃቸው መልካም ነው፤ የማሞቂያውን ዓይነት ግን ይጠይቁ። ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የማያስወጣ ማሞቂያ ከሆነ፣ 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1.6 ሊትር በላይ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል፤ ከእሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አዲስ የተሞላውን ወለል ገጽ በዱቄት የተነሰነሰ ያህል ደካማ ያደርገዋል። ወለሉ ከመሞላቱ በፊት አፈሩን ለማሞቅ ያገልግል፤ ከተሞላ በኋላ ግን ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣ ማሞቂያ ይሁን። ሠራተኞችም በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚሠሩ የካርቦን ሞኖክሳይድ መቆጣጠሪያ እንዲኖር ማሳሰብ ነውር የለውም። አፈሩ መሞቁን ለማረጋገጥ በማዕዘኑ በኩል ብረት ዘንግ ይውጉበት፤ ከላይ ለስልሶ ከሥሩ ድንጋይ ከሆነበት ገና አልቀለጠም ማለት ነው።

የጋራዡንና የመግቢያውን ኮንክሪት ግን ከተቻለ እስከ ጸደይ ያቆዩት። ጨውና በረዶ የሚፈራረቁበት ስለሆነ ኮዱ ለእሱ 32 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬና ከ5 እስከ 8 በመቶ የተቀላቀለ አየር ይጠይቃል። የግቢው ማስተካከያም በዚያው ጊዜ ስለሚሠራ፣ አፈሩ ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበሉ በከተማው ምርመራ እስኪጸድቅ ድረስ ለዚያ ሥራ የሚሆነውን ገንዘብ ከኮንትራክተሩ ጋር ተፈራርማችሁ በጠበቃችሁ እጅ አቆዩት።