ለትምባሆ መከላከል ሥራችን በጀት ከየት እንጠይቅ?

ሰላም ወገኖች። ሀዋሳ፣ ታቦር አካባቢ፣ ስለ ትምባሆ ጉዳት የሰፈራችንን ልጆች የምናስተምር በጎ ፈቃደኞች ነን። እስካሁን ከኪሳችን እያዋጣን ነው የሠራነው። አሁን ግን አቅም አጣን።

ጤና መሥሪያ ቤት ስንጠይቅ "ለዚህ የተያዘ በጀት የለም፣ ወጣቶች መሥሪያ ቤት ሂዱ" ተባልን። እነሱ ደግሞ "ይሄ የጤና ሥራ ነው" ብለው መለሱን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅድ ውስጥ ካልገባን ዓመት መጠበቅ ሊሆን ነው።

ሕጉማ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም በየፓኬቱ 8 ብር ጥሎበታል። ልጆቹ ግን ከሱቅ በደረቴ አንድ አንድ ፍሬ ይገዛሉ። ዩኒፎርም እንደለበሱ ሲያጨሱ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። ቤተሰብና ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ማስተማር ደግሞ ወጪ አለው።

እባካችሁ፣ ከቀበሌ ወይም ከክፍለ ከተማ በጀት ያስፈቀደ አለ? በማን ስም ጠየቃችሁ? እንደኛ ያልተመዘገበ ስብስብ በጤና ጣቢያ ዕቅድ ሥር መግባት ይችላል? ወይስ መጀመሪያ ማኅበር ሆኖ መመዝገብ ግድ ነው? የፕሮፖዛል ናሙና ያላችሁም ብታካፍሉን ውለታችሁን አንረሳም።