«ያው ባክቴሪያ ነው» ማለት መልስ ይሆናልን?

ሐሳበ ቀና፦ ትናንት አንድ ተናጋሪ «ዝግመተ ለውጥን በዓይኑ ያየ የለም፤ በቤተ ሙከራ ታየ የሚባለውም ቢሆን ባክቴሪያው ያው ባክቴሪያ ነው» ሲሉ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሪቻርድ ሌንስኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ከአንድ ዘር የመጡ ኢ. ኮላይ የተባሉ፣ በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን በ12 ብልቃጦች ለይቶ ማራባት ጀመረ። ከ31,000 በላይ ትውልዶች ካለፉ በኋላ ከ12ቱ አንዱ፣ ኦክስጂን ባለበት ሊመገበው የማይችለውን ሲትሬት (በብልቃጡ ውስጥ የነበረ የሲትሪክ አሲድ ጨው) መመገብ ጀመረ። ይህ አለመቻል ባለሙያዎች ኢ. ኮላይን ከሌሎች የሚለዩበት አንዱ ምልክት ነው፤ ተናጋሪው ግን ይህን አልነገሩንም።

ዘወትር ጠያቂ፦ ታዲያ ምኑን ተሳሳቱ? ያን ሁሉ ትውልድ አልፎ ባክቴሪያው ትል እንኳ አልሆነም። ሲትሬቱን የሚያስገባው ጂንም ቀድሞ በውስጡ ነበረ፤ የተኛው ነቃ እንጂ አዲስ ነገር አልተፈጠረም።

የድንጋይ አንባቢ፦ ወንድሜ፣ «ያው ባክቴሪያ» ማለት ተኩላንና ዓሣ ነባሪን «ያው እንስሳ ናቸው» ብሎ ልዩነታቸውን እንደ መሰረዝ ነው። ጂኑ ቀድሞ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በሚውቴሽን (በዘር መመሪያው ላይ በሚደርስ ለውጥ) ተባዝቶ፣ ቅጂው ኦክስጂን ባለበት በሚሠራ ሌላ መቆጣጠሪያ ሥር ስለገባ ነው አዲስ ችሎታ የተገኘው፤ ዝግመተ ለውጥም የሚሠራው በእጁ ያለውን እየቀየረ ነው። በየ500 ትውልዱ በበረዶ የተቀመጡት ናሙናዎች እንደገና ሲራቡም ችሎታው ዳግመኛ የታየው ከ20,000ኛው ትውልድ ጀምሮ ከተቀመጡት ብቻ መሆኑ፣ ቀደም ያሉ ለውጦች መንገዱን እንደጠረጉ ያሳያል።

ዘወትር ጠያቂ፦ «በእጁ ያለውን» ብለው የእኔኑ ነጥብ አጸኑልኝ። በእጁ ያለውን መቀየር እና ሰውን ከሌላ ፍጡር ማውጣት አንድ አይደሉም።

ሐሳበ ቀና፦ እንግዲያው ወደ ሰው እንምጣ። እኛ 23 ጥንድ ክሮሞዞም (ጂኖችን የተሸከመ የዘር ክር) አለን፣ ቺምፓንዚና ጎሪላ 24 አላቸው። የሰው 2ኛ ክሮሞዞም መካከል ላይ፣ በጫፍ ብቻ መገኘት የነበረበት የቴሎሜር (የክሮሞዞም ጫፍ መሸፈኛ) ቅደም ተከተል ፊት ለፊት ተገጣጥሞ ይታያል፤ ሥራውን ያቆመ ሁለተኛ ሴንትሮሜርም (በአንድ ክሮሞዞም አንድ ብቻ የሚጠበቅ ማያያዣ ክፍል) አለ። ሁለት ክሮሞዞሞች ተጋጥመው አንድ ሆነዋል ማለት ነው።

የማለዳ ጀምበር፦ መመሳሰል ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ሁለት ቤቶች የሚመሳሰሉት አንድ አናጺ ስለሠራቸውም ሊሆን ይችላል።

የድንጋይ አንባቢ፦ አናጺው የሚሠራውን ሁሉ ሊያመሳስል ይችላል፤ ስብራትን ግን ምን ብሎ ያመሳስላል? ቫይታሚን ሲን ለመሥራት የሚያስፈልገው ጂን በእኛም በቺምፓንዚም በተመሳሳይ መንገድ ተበላሽቶ ተቀምጧል። በጊኒ ፒግም ተበላሽቷል፤ የእርሱ ግን ራሱን ችሎ፣ በሌላ መንገድ ነው።

የማለዳ ጀምበር፦ ፈጣሪ የተሰበረ ነገር ሠራ ማለትዎ ነውን? ይህን አነጋገር ቢያርሙት እወዳለሁ።

የድንጋይ አንባቢ፦ ስለ ፈጣሪ አንድም ቃል አልወጣኝም፤ የተናገርኩት ስለ ጂኑ ነው።

ሐሳበ ቀና፦ እኔ አማኝ ነኝ፤ ይህን ማስረጃ መቀበል እምነቴን የሚነካበት ምክንያት አይታየኝም።

የማለዳ ጀምበር፦ እርስዎ የሁሉ አማኝ ወኪል አይደሉም።

ዘወትር ጠያቂ፦ ከርእሱ አንውጣ። ባክቴሪያው ዛሬም ባክቴሪያ ነው፤ ይህን የካደ የለም።

የድንጋይ አንባቢ፦ የካደ የለም፤ ዝግመተ ለውጥም በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ባክቴሪያ ትል ይሆናል ብሎ አያውቅም። ደጋግሜ የምጠይቅዎ ይህን ብቻ ነው፤ ምን ቢታይ ይቀበላሉ?

ዘወትር ጠያቂ፦ አንድ አካል ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ሲሠራ ሳይ።