እናቴ ደለስ ላይ ትራንዚት አላት፣ በእግሯ ትወጣዋለች?

ሲያትል_ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እናቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ሲያትል ትመጣለች፣ ዲሲ ደለስ ኤርፖርት ላይ ትቀይራለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ቤተክርስቲያን ቀስ ብላ ደርሳ ትመለሳለች ከዛ ካለፈ ግን እግሯ ያብጣል፣ እንግሊዝኛም አትችልም። ዊልቸር ላስይዝልሽ ስላት "ገና በእግሬ ነኝ፣ ሰው ምን ይለኛል" ብላ እምቢ አለችኝ። መንገዱ ምን ያህል ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

ገፊው፦
እህቴ እዛው ደለስ ዊልቸር እገፋለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ በእግራቸው አይሆንም። ከአውሮፕላን ወርደው ከፍ ያለ አውቶብስ በመሰለ መኪና ነው ወደ ኢሚግሬሽን የሚወሰዱት፣ ከዛ ሰልፍ፣ ከዛ ሻንጣ አንስተው ጉምሩክ አልፈው መልሰው ማስረከብ፣ እንደገና ሴኩሪቲ፣ ከዛ ባቡር። ቀጣዩ በረራ ከሲ ጌቶች ከሆነ ደሞ ባቡሩ ህንፃው ስር አያወርዳቸውም፣ ጣቢያው የተሠራው ወደፊት ይሠራል ለተባለ ህንፃ ስለሆነ ከወረዱ በኋላም በምድር ውስጥ መተላለፊያ ገና መሄድ አለ። ከዲ ጌቶች ከሆነ በባቡሩ ፈንታ እንደገና በዛው አውቶብስ በመሰለ መኪና ነው። ከምንሠራው ሀበሻ ብዙ ነው፣ አማርኛ የሚያወራቸው ሊደርሳቸው ይችላል።

የዴንቨሯ፦
ዊልቸሩን አሁኑኑ አስይዢ፣ ቢዘገይ ከ48 ሰዓት በፊት። ደረጃ መውጣት ከቻሉ ደብሊው ሲ ኤች አር የሚባለውን በይ፣ ረጅም መንገድ ለማይችል ማለት ነው፣ ደረጃ ካቃታቸው መጨረሻው ላይ በአር ፈንታ ኤስ በይ። ለሁለቱም በረራ መመዝገቡን ጠይቂ፣ ብዙ ሰው ለመጀመሪያው ብቻ አስይዞ እናት መሀል ላይ ትቀራለች። ክፍያ የለውም፣ አሜሪካ ውስጥ በህግ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። የእናትሽን ስምና የበረራ ቁጥር ያንቺንም ስልክ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ፓስፖርቷ ውስጥ ክተቺላት። ጫማዋም ሰፋ ያለ ይሁን፣ ብዙ ሰዓት ተቀምጣ ስትነሳ እግሯ አይገባላትም።

እማዬን_ያመጣሁ፦
የኔም እናት እንደዛው ብላ ነበር። ስለጉልበቷ ማንሳቱን ተውኩና "እማዬ መንገዱን የሚያሳይሽ፣ ኢሚግሬሽን የሚያደርስሽ ሰው ነው የምናዘው፣ ወንበሩ አብሮ ይመጣል" አልኳት፣ ወዲያው እሺ አለች። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ደሞ ተይው፣ ከአዲስ በሚመጣው በረራ በር ላይ የዊልቸሩ ሰልፍ የእናቶቻችን ነው፣ ብቻዋን አትሆንም።

ሲያትል_ነኝ፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም፣ ዛሬውኑ እደውላለሁ። ለሚገፋው ቲፕ ግዴታ ነው?

ገፊው፦
ግዴታ አይደለም፣ ማንም ሊጠይቃቸው አይገባም። መስጠት ከፈለጉ ግን ዝርዝር ዶላር ከአዲስ ይዘው ይምጡ፣ እዚህ ሲደርሱ መዘርዘሪያ ፍለጋ እንዳይንከራተቱ።