ደጋግመን የምናየው ፊልም ሲታደስ ይለወጥ ወይስ እንደ ወጣ ይቆይ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ሰው ዐሥርና ሃያ ጊዜ የሚያየው፣ ንግግሩን በቃሉ የሚወጣው ፊልም አዲስ እትም ሲወጣለት ቀለሙ፣ ድምፁ፣ አንዳንዴም ትዕይንቱ ተለውጦ ይመጣል። ዳይሬክተሩ ወይም መብቱን የያዘው ኩባንያ እንዲህ ማድረግ ይገባዋል? ወይስ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው ስሪት ሳይነካ መቆየት አለበት? ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉ። «ወደድኩት፣ ጠላሁት» ብቻ አይበቃም፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አስረዱ።

ኔጌቲቭ፦ «አይነካ» ከማለታችን በፊት የማይነካው የቱ እንደሆነ እንወቅ። በፊልም ጥቅል የተቀረጸ ሥራ ከካሜራ ወጥቶ ሲኒማ ቤት እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። ከዋናው ኔጌቲቭ (ካሜራው ውስጥ ከነበረው፣ ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ ከሚታይበት ጥቅል) ኢንተርፖዚቲቭ የሚባል ትክክለኛውን ምስል የያዘ ግልባጭ፣ ከእሱ ኢንተርኔጌቲቭ የሚባል ሁለተኛ ኔጌቲቭ፣ ከእሱ ደግሞ የማሳያው ኮፒ ይታተማል። በእያንዳንዱ ግልባጭ የምስሉ ጥራት ይወርዳል፤ ግሬን የምንለው ያ አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ቅንጣት ይበዛል። ዛሬ ዋናው ኔጌቲቭ በ4ኬ (ወርዱ 4,000 ያህል ነጥብ በሆነ ዲጂታል ምስል) ስካን ሲደረግ ያኔ ሲኒማ የገባ ሰው ያላየው ነገር ሁሉ ይወጣል፤ የዊጉ ጠርዝ፣ ተዋናዩን ያንጠለጠለው ሽቦ፣ በተሳለው ሰማይ ላይ የቀረው የብሩሽ መስመር። ሽቦውን ማጥፋት መለወጥ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። ፊልሙን በካሜራ የቀረጹት ሰዎች በግልባጩ እንደሚደበቅ ቆጥረው ነው የሠሩት።

ቀለሙ ከዚህ የባሰ ነው። ኔጌቲቭ ላይ ያለቀለት ቀለም የለም። የላብራቶሪው ባለሙያ ለየሾቱ (ካሜራው ሳይቋረጥ ለቀረጸው ለእያንዳንዱ ቁራጭ) የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን ከ1 እስከ 50 በሚሄድ መለኪያ ወስኖ ነው የሚያትመው። ያ መዝገብ ከጠፋ ማመሳከሪያው የዘመኑ ኮፒ ነው። የዚያን ጊዜ ተራ የቀለም ኮፒ ግን ሲያን የሚባለው አረንጓዴ ሰማያዊ ቀለሙ ቀድሞ ስለሚለቅ ብዙ ጊዜ ሮዝ ሆኖ ነው የሚገኘው። በቴክኒከለር የቀለም ማስተላለፊያ ዘዴ የታተመ ኮፒ ከተገኘ እሰየው፤ እሱ ቀለሙን አይለቅም። ካልተገኘ ያለው መንገድ ግምት ነው፤ ሲገምቱ ደግሞ የዛሬው ፋሽን እጅን ይጎትታል። ጥላው ወደ ውኃ ሰማያዊ፣ የሰው ፊት ወደ ብርቱካናማ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

መቁረጫ፦ እኔ የምቆመው ከዳይሬክተሩ ጋር ነው። ሲኒማ ቤት የወጣው ስሪት ሁልጊዜ የሠሪው ፍላጎት ነው ያለው ማን ነው? «ብሌድ ራነር» በ1982 ሲወጣ አዘጋጆቹ ተራኪ ድምፅና ደስ የሚል መጨረሻ ጨምረውበት ነበር። በ1992 ሁለቱም ወጡለት፤ በ2007 ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ራሱ የጨረሰው ስሪት መጣ። ዛሬ ሰው ደጋግሞ የሚያየው በአብዛኛው ይህን የመጨረሻውን ነው። «የመጀመሪያው ቅዱስ ነው» ብለን ቢሆን ኖሮ ዳይሬክተሩ ያላመነበትን ፊልም እንደ ታቦት እንሸከም ነበር።

ተመላላሽ፦ ወንድሜ መቁረጫ፣ ያመጣኸው ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። የ2007ቱ ሣጥን አምስት ስሪት ይዞ ነው የወጣው፤ የ1982ቱም ውስጡ አለ። ማንም አልተቀማም። ቅሚያው «ስታር ዋርስ» ላይ ነው ያለው። የ1977ቱ ፊልም በ1997 ተለውጦ ወጣ፤ አዳዲስ የኮምፒዩተር ፍጡራን ገቡበት፤ በመጠጥ ቤቱ ትዕይንት መጀመሪያ የሚተኩሰው ሰው ተቀየረ። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም፤ የአንድን ገጸ ባሕርይ ጠባይ ነው የሚቀይረው። በ2004ም ሌላ ለውጥ ታከለበት። የመጀመሪያው ስሪት በ2006 በዲቪዲ ሲሰጥ እንደ ተጨማሪ ዲስክ ነበር፤ ምስሉም ለሌዘርዲስክ (ከዲቪዲ በፊት ለነበረው ትልቅ የፊልም ዲስክ) በ1993 ከተዘጋጀው ማስተር (ሌሎቹ ኮፒዎች ከሚወጡበት ዋና ቅጂ) የተወሰደ፣ በሰፊ ስክሪን ዙሪያውን በጥቁር ተከብቦ የሚያንስ። ይህን ነው «አለላችሁ» የሚሉት?

የሚቆጨኝ ሌላው ነገር፣ የ«ስታር ዋርስ» ሠሪ ጆርጅ ሉካስ ራሱ በ1988 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ያለፈ ዘመን ፊልሞች እንዳይለወጡ ጥበቃ ይደረግ ብሎ መሟገቱ ነው። ያኔ የተናገረው ትክክል ነበር።

ጆሮ፦ ሁላችሁም ስለ ዓይን ብቻ ነው የምትከራከሩት። አንድን ፊልም ሠላሳ ጊዜ ያየ ሰው ለውጥን ቀድሞ የሚይዘው በጆሮው ነው። በሞኖ (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር) የተሠራ ፊልም ወደ 5.1 (ተመልካቹን ወደሚከብቡ አምስት ድምፅ ማጉያዎችና አንድ የወፍራም ድምፅ ማጉያ) ሲቀየር የንግግሩ፣ የሙዚቃውና የኮቴ፣ የበር፣ የጥይት ድምፁ ለየብቻ የተቀመጠበት ማስተር ያስፈልጋል። ካለ መልካም። ከሌለ ከአንዱ ሞኖ ላይ በሶፍትዌር ይለያዩታል፤ ያኔ ንግግሩ ከጣሳ ውስጥ እንደሚወጣ ይሆናል። አለበለዚያም የድሮውን ጥይት አውጥተው ከአዲስ ማኅደር የተወሰደ ጥይት ይተክላሉ። የድሮው ጥይት አጭርና ደረቅ ነው፤ አዲሱ ከሥር ወፍራም ጉርምርምታ አለው። ትዕይንቱ ያው ሆኖ ክብደቱ ይለወጣል። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፤ አዲሱን ሚክስ (የድምፅ ቅንብር) ይሥሩ፣ ሞኖውንም እዚያው ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። የሞኖ ትራክ ቦታ አይፈጅም፤ ከምስሉ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

መቁረጫ፦ እህቴ ጆሮ፣ በሞኖው ጉዳይ አልከራከርሽም። ግን ተመላላሽ የመጀመሪያውን ስሪት በተመሳሳይ ጥራት አቅርቡ ሲል ወጪውን አይቆጥርም። ሁለት ሰዓት ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲባዛ 172,800 ፍሬም ነው። የ4ኬ ሙሉ ፍሬም 4096 በ3112 ነጥብ ሆኖ በ10 ቢት ሲቀመጥ 51 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ጥሬ ስካኑ ብቻ ወደ 8.8 ቴራባይት ይጠጋል። ከዚያ አቧራውና ጭረቱ በፍሬም በፍሬም ይጸዳል፤ ሶፍትዌሩ ብቻውን ከተለቀቀ የሻማ ብልጭታና የዝናብ ጠብታ ቆሻሻ መስሎት ያጠፋል፤ ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ይህን ሁለት ጊዜ ሥሩ ማለት ነው።

ኔጌቲቭ፦ ሁለት ጊዜ አይደለም። ስካኑ አንድ ነው፤ ጽዳቱም ለጋራው ክፍል አንድ ነው። ልዩነቱ የተቀየሩት ትዕይንቶች ናቸው። ዲስክ ላይም የጋራው ክፍል አንድ ጊዜ ተጽፎ ማጫወቻው በየመገንጠያው የተመረጠውን ስሪት እየዘለለ ማምጣት ይችላል። የስፒልበርግ «ክሎዝ ኢንካውንተርስ» በ2007 በብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል በሚይዝ ዲስክ) ሲወጣ የ1977ቱን፣ የ1980ውንና የ1998ቱን ስሪት በአንድ ዲስክ የያዘው በዚህ ዘዴ ነው። የእሱ ታሪክ ራሱ ያስተምራል፤ በ1980 ከሌላ ዓለም የመጣችው መርከብ ውስጧ የሚታይበት ትዕይንት ተጨመረ፣ በ1998 ስፒልበርግ አወጣው። ሠሪም ሐሳቡን ይቀይራል፤ የፊተኛው ከተጠበቀ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ወጪ የሚያበዛው ዋናው ኔጌቲቭ ራሱ ተቆርጦ ለአዲሱ ስሪት ከተሰፋ ነው። ያኔ የተነሣውን ክፍል ከሌላ ግልባጭ መፈለግ ግድ ይላል፤ ከዚያ የሚመጣው ሾት ግሬኑ ወፍራም፣ ጥቁሩ ደብዛዛ ሆኖ ከጎረቤቱ ጋር አይጋጠምም።

አንቀጽ፦ ሕጉን ልጨምር። የደራሲያንን መብት የሚጠብቀው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት አንቀጽ 6 ተደጋጋሚ ለደራሲው ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመቃወም መብት ይሰጣል። በፈረንሳይ ይህ በተግባር ታይቷል። በ1950 በጥቁርና ነጭ የተሠራው የዳይሬክተር ጆን ሂውስተን «ዘ አስፋልት ጃንግል» ቀለም ተቀብቶ በቴሌቪዥን ሊታይ ሲል ወራሾቹ ከሰሱ፤ የሰበር ፍርድ ቤቱ በ1991 ለእነሱ ፈረደ። የዚያው አገር ሕግ ከዚህም ያልፋል፤ ዳይሬክተሩና አዘጋጁ የተስማሙበት የመጨረሻ ስሪት ማስተር እንዳይጠፋ በግልጽ ይከለክላል። በአሜሪካ ግን ፊልም ለቅጥር የተሠራ ሥራ ተብሎ በሕግ ደራሲው ብዙውን ጊዜ ኩባንያው ነው። በ1988 የወጣው የፊልም ጥበቃ ሕግ ብሔራዊ መዝገብ አቋቁሞ በየዓመቱ እስከ 25 ፊልም ማስመዝገብ ጀመረ፤ የተመዘገበ ፊልም ከተለወጠም ምልክት ይለጠፍበት አለ እንጂ ለውጡን አልከለከለም።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ለሠሪው የተሰጠ መብት ነው። ደጋግሞ የሚያየው ተመልካች በሕግ ምንም መብት የለውም።

ተመላላሽ፦ ጋሽ አንቀጽ፣ ያሳዘነኝን ነገር ነኩልኝ። ሠሪውስ የሚባለው ማነው? ፊልም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በ1971 የወጣው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» በ2009 በብሉ ሬይ ሲወጣ ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ቀለሙን አደብዝዞ፣ ቀለም ከመስመሩ እንዲፈስ አድርጎ አቀረበው። ፊልሙን የቀረጸው ኦወን ሮይዝማን በአደባባይ ተቃወመ። ያኔ ዳይሬክተሩም ቀራጩም በሕይወት ነበሩ፤ ማንን እንስማ? በ2012 ወደ መጀመሪያው የቀረበ ቀለም ይዞ እንደገና ወጣ። ይኸው ፊልም በ2023 በአሜሪካ ኦንላይን ሲቀርብ ደግሞ የዘር ስድብ ያለበት የጥቂት ሰከንድ ንግግር ተቆርጦ ተገኘ። ማስታወቂያ የለ፣ ምልክት የለ። ያወቁት ፊልሙን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ዲስክ የገዛ ሰው ቤቱ ያለው አይቆረጥበትም፤ ኦንላይን የሚያይ ግን ትናንት ያየውን ዛሬ ላያገኝ ይችላል።

መቁረጫ፦ ያለ ምልክት መቁረጥን እኔም አልደግፍም። ያ የሠሪ መብት ሳይሆን የኩባንያ ፍርሃት ነው። ስፒልበርግ በ2002 «ኢ.ቲ.» ላይ የፖሊሶቹን ጠመንጃ በመገናኛ ሬዲዮ ሲተካ ቢያንስ በግልጽ ነው ያደረገው፤ ኋላም ተጸጽቶ በ2012 ብሉ ሬይ ላይ የ1982ቱን መልሶታል። ይህ ግን ለውጥ በጠቅላላው ክፉ ነው አያሰኝም። አሁንም የምለው፣ ዳይሬክተር ሥራውን ማሻሻል ይችላል።

ኔጌቲቭ፦ «ማሻሻል» የሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል፤ ትልቁ ጥፋት በዚህ ስም ነው የሚሠራው። ግሬንን ማጥራት። ግሬን ቆሻሻ አይደለም፤ ምስሉ ራሱ የተሠራበት ነው። በየፍሬሙ ቦታው ስለሚለዋወጥ ሶፍትዌሩ ጎረቤት ፍሬሞችን አመሳክሮ የማይደጋገመውን ያጠፋል። ችግሩ የቆዳ ቀዳዳ፣ የፂም ዘለላ፣ የሹራብ ክርም ለእሱ ግሬን ይመስለዋል። በ2010 የወጣው የ«ፕሬዳተር» ብሉ ሬይ ላይ የተዋናዮቹ ፊት ሰም የተቀባ እስኪመስል ድረስ የተጠረገው እንዲህ ነው። በ2024 በ4ኬ ዲስክ በወጡት የጄምስ ካሜሮን «ኤሊየንስ» እና «ትሩ ላይስ» ላይ የተነሣው ክርክርም ይኸው ነው፤ እዚያ ደግሞ በሰው ሠራሽ አእምሮ የታገዘ ሶፍትዌር የጠፋን ዝርዝር እየገመተ ይሞላል። ዳይሬክተሩ ፈቅዷል፤ እኔ ግን ያ የተሞላው ፀጉር በካሜራው ፊት ያልነበረ ፀጉር ነው እላለሁ።

አወያይ፦ ተመልካች በእጁ ያለው የትኛው ስሪት እንደሆነ እንዴት ያውቃል? በተግባር ንገሩን።

ጆሮ፦ መጀመሪያ ርዝመቱን እዩ። ልዩነቱ ደቂቃዎች ከሆነ ትዕይንት ተነክቷል። ግን ተጠንቀቁ፤ በፓል አገሮች (የቴሌቪዥን ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድባቸው) የታተመ ዲቪዲ 24ቱን ፍሬም በ25 ስለሚያስኬድ 120 ደቂቃው 115 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል፤ ምንም ሳይቆረጥ። ድምፁም ካልታረመ በሁለት ሦስተኛ ሴሚቶን (የሙዚቃ ግማሽ ድምፅ) ገደማ ይቀጥናል። ሙዚቃውን የለመደ ጆሮ ወዲያው ይነቃበታል።

ኔጌቲቭ፦ ቀጥሎ ቅርጹን። በ4 ለ3 የተሠራ ምስል 16 ለ9 ሆኖ ስክሪኑን ከሞላ፣ ከላይና ከታች ሩብ ያህሉ ሄዷል፤ የሰዎቹ ግንባር ተቆርጦ ታገኙታላችሁ። ወርዱ የቁመቱ 2.39 እጥፍ ሆኖ የተሠራ ሰፊ ምስል ያለ ጥቁር መስመር ከመጣ ደግሞ ከጎን ሩብ ያህሉ የለም። ከዚያ ፊት በቅርብ የሚታይበት ጸጥ ያለ ሾት ሳታቆሙ ተመልከቱ፤ ከኋላ ያለው ግድግዳ ሕይወት አለው? ሲንቀሳቀስ ትንሽ ይንቀጠቀጣል? ፍጹም የረጋ ከሆነ ተጠርጓል። ኦንላይን ላይ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ። የ4ኬ ዲስክ በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ማስተላለፍ ሲችል ኦንላይን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ባለው ውስጥ ነው፤ ግሬን ደግሞ ለመጭመቅ እጅግ ከባድ ስለሆነ ቀድሞ የሚሠዋው እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ቴሌቪዥናችሁን አስተካክሉ። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰው ቅንብር ካልጠፋ፣ በ24 ፍሬሞቹ መካከል የፈጠራ ፍሬም ያስገባል፤ የትኛውም እድሳት እንደ ቀጥታ ስርጭት ሆኖ ይታያል። ፊልምሜከር ሞድ የሚል ካለው እሱን አብሩ።

ተመላላሽ፦ እንግዲህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ስሪት በዚያው ስካን ጥራት ይቅረብ፣ የመጀመሪያው ድምፅ አብሮ ይኑር፣ የተነካው ነገር ሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ፍሪትዝ ላንግ በ1927 የሠራው «ሜትሮፖሊስ» ከመጀመሪያ ማሳያው በኋላ ተቆራርጦ ረጅሙ ስሪት ጠፋ። በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ በ16 ሚሊሜትር ግልባጭ 25 ደቂቃ ያህል ተገኘ፤ በ2010 ታድሶ ሲታይ ያ ክፍል በጭረት ተሸፍኖ፣ ጠርዙ ተቆርጦ ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሰው ያየው ጎዶሎውን ነበር።

መቁረጫ፦ ለተቆረጠና ለተጨመረ ትዕይንት በሦስቱም እስማማለሁ። ቀለም ላይ ግን አልስማማም። ቀለም ከተቀየረ ልዩነቱ ከመጀመሪያ ፍሬም እስከ መጨረሻው ስለሆነ ያ የመገንጠያ ዘዴ አይሠራም፤ ሁለት ሙሉ ማስተር፣ ሁለት ዲስክ ይጠይቃል። የዘመኑ ኮፒ ሮዝ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «የመጀመሪያው ቀለም» ብሎ የሚምልልኝ ማን ነው?

ኔጌቲቭ፦ ያኔ ቀራጩ ይጠየቅ፣ ቀራጩ ካለፈ ረዳቱ ይጠየቅ፣ እሱም ከሌለ ግምት መሆኑ ይጻፍ። በግምት የተሠራን ነገር «የመጨረሻው እትም» ብሎ መሸጡን ነው የምቃወመው።