ቢች ቦይስ ሊመጡ ነው፤ አባዬን ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ?

የአባቷ ልጅ (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ወገኖች። እዚህ የድሮ የፈረንጅ ሙዚቃ የምታውቁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጠይቀው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።)

አባዬ 75 ዓመቱ ነው። ያደገው አስመራ ነው። እዚያ ቃኘው የሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው። አባዬ እንግሊዝኛ ሳይገባው በዚያ ሬዲዮ ቢች ቦይስ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ሰምቶ ፍቅር ያዘው። ምጽዋ ወርዶ በዘፈናቸው የሚያወሩለትን፣ በጣውላ ቆመው ሰርፍ የሚያደርጉበትን ማዕበል ፈልጎ እንዳጣ እስካሁን ያወራል። ቀይ ባሕር ዝም ብሎ ተኝቶ ጠበቀው።

ባለፈው ሳምንት ከቤታችን አንድ ሰዓት በሚያስነዳ ቦታ ቢች ቦይስ ሊጫወቱ እንደሆነ ማስታወቂያ አየሁ። ለልደቱ ቲኬት ልገዛለት አሰብኩ። ችግሩ ዘፈኖቻቸውን በብዛት የጻፈው ብራያን ዊልሰን ጁን 2025 ላይ አርፏል። ታዲያ የሚመጡት እነማን ናቸው? አባዬ በ2012 ሁሉም ተሰባስበው ሲዞሩ ስላመለጠው ሁልጊዜ ይቆጨዋል። አሁን ይዤው ሄጄ የማያውቃቸው ልጆች ቆመው ቢያይስ?

ሌላም አለ። ብራያን መሞቱን አልነገርኩትም። ዜና ብዙም አይከታተልም፣ እኔም መርዶ ነጋሪ መሆን አልፈለግሁም። ጉልበቱን ያመዋል፣ የጆሮ መሣሪያም ያደርጋል። መሄዱ የማይሆን ከሆነ መድረክ ላይ የተቀዳ ጥሩ ሥራቸውን ጠቁሙኝና እሱን ልግዛለት።

ከፌርፋክስ (ሎስ አንጀለስ)፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቲኬቱ ላይ ያለው ስምና መድረኩ ላይ የሚቆሙት ሰዎች አንድ አይደሉም። ስሙ የባንዱ የጋራ ኩባንያ፣ የብራዘር ሬከርድስ ነው። የብራያን ወንድም ካርል ዊልሰን በ1998 ከሞተ በኋላ በዚህ ስም ለመዞር ፈቃድ ያገኘው የአክስታቸው ልጅ፣ ዘፋኙ ማይክ ላቭ ነው። ስለዚህ የምታይው የማይክን ቡድን ነው። ከሦስቱ ወንድማማቾች፣ ከብራያን፣ ከዴኒስና ከካርል፣ አንድም የለም። ዴኒስ በ1983 መጨረሻ ማሪና ዴል ሬይ ውስጥ ሰጠመ። ባንዱን ከጀመሩት አምስቱ ውስጥ በእርግጥ ሰርፍ ያደርግ የነበረው እሱ ብቻ መሆኑ ነው የሚገርመው። አምስተኛው፣ አል ጃርዲን፣ ደግሞ ከማይክ ጋር አይዞርም፤ በ2025 በብራያን ባንድ ውስጥ የነበሩትን ሙዚቀኞች ይዞ ለብቻው ወጥቷል።

የ2012ቱን አይቻለሁ። ጁን 2፣ ሆሊውድ ቦውል። ብራያን፣ ማይክ፣ አል፣ ብሩስ ጆንስተን፣ እንዲሁም በልጅነቱ ጊታር ይመታላቸው የነበረው ዴቪድ ማርክስ አብረው ነበሩ። ብራያን ነጭ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ አንዳንዴ ይዘፍናል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ያያል። ካርልና ዴኒስ በስክሪን መጡ። የተቀዳ ድምፃቸው እየዘፈነ ባንዱ ከታች ያጅባቸው ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። እኔም ያው።

አባትሽ ያመለጣቸው ያ ነው። አይደገምም።

ቤዝ መቺው፦

እኔ አትሂጂ ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ጥላቻ አይደለም፣ ድምፅ ነው። የእኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ አንድ ዜማ ነው፤ ተቀባዮቹም ያንኑ ዜማ ተከትለው ያዳምቁታል። እነዚህ ሰዎች ግን አራት አምስት የተለያየ ዜማ ባንድ ጊዜ ነው የሚዘፍኑት። ማይክ ከታች በወፍራም ድምፅ፣ ካርል፣ ዴኒስና አል መሐል፣ ብራያን ጣሪያው ላይ በፋልሴቶ። ብራያን ይህን የተማረው ፎር ፍሬሽመን የሚባሉትን ዘፋኞች ሸክላ ደጋግሞ እየሰማ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው እየለቀመ ነው። የወንድማማችና የአክስት ልጅ ድምፅ ሲገጥም የሚሰጠው ነገር አለ። በቅጥር ዘፋኝ አይገኝም።

ከብራያን ውጭ ቢች ቦይስ ማለት ለእኔ ቡና የሌለበት የቡና ሥነ ሥርዓት ነው። ዕጣኑ አለ፣ ፈንዲሻው አለ።

ከፌርፋክስ፦

ቤዝ መቺው፣ እሱን ካልክ እኮ በ1966 ያዩዋቸውም ቡና አልጠጡም ማለት ነው! ብራያን ዲሴምበር 1964 ወደ ሂውስተን ሲበሩ አውሮፕላን ላይ ድንገት ከባድ ጭንቀት ያዘው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሆኖ መጻፍና ስቱዲዮ መግባት መረጠ። መድረክ ላይ መጀመሪያ ግሌን ካምቤል ተተካ፣ በ1965 ደግሞ ብሩስ ጆንስተን። ፔት ሳውንድስ የሚባለውን የ1966 አልበም ብራያን ከስቱዲዮ ሙዚቀኞች ጋር ሲሠራ ሌሎቹ ጃፓን ሄደው እየተጫወቱ ነበር። ስለዚህ የመድረኩ ቢች ቦይስና የሸክላው ቢች ቦይስ ከጥንትም ሁለት ናቸው። ማይክ የመድረኩን ይዞ ቀጠለ።

ቤዝ መቺው፦

እሺ፣ እዚህ ላይ አሸነፍከኝ። ግን በ1966 ካርል ነበረ። ካርል መድረኩን ይመራ ነበር። እሱን የሚተካ አላየሁም።

ለንደን 27፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የ2012ቱን ያየሁት ሮያል አልበርት ሆል ነው፤ ሴፕቴምበር 27። በማግስቱ ዌምብሊ አሪና ተጫውተው አበቁ። ኤፕሪል 24 አሪዞና፣ ቱሳን ውስጥ የጀመረ ጉብኝት ነው፤ ከ70 በላይ መድረክ ሠርተዋል። ምሽቱ በዕረፍት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከ40 በላይ ዘፈን። ከሰባ ዓመት በላይ ወይም ወደዚያው የተጠጉ ሰዎች!

የሚያስቀው፣ እኛ አዳራሹ ውስጥ ተነስተን ስንጨፍር ትዳሩ ፈርሶ ነበር። ጉብኝቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማይክ ከዚህ በኋላ ከብሩስ ጋር የራሱን ቡድን ይዞ እንደሚቀጥል በመግለጫ አሳወቀ። ኦክቶበር ላይ በሎስ አንጀለስ ታይምስ ደብዳቤ ተጻጻፉ። ማይክ «ብራያንን አላባረርኩም፣ ጉብኝቱ ከመጀመሪያውም ገደብ ነበረው» የሚል ሐሳብ ይዞ ወጣ። ብራያን ደግሞ መባረር መባረር እንደሸተተው ተናገረ። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ውሉ ላይ ገደብ ነበረ፤ ብራያንም ልቡ መቀጠል ፈልጓል።

የልጅነት ጓደኛሞች በስልሳና በሰባ ዓመታቸው ሲጣሉ ሽማግሌ የሚሆናቸው ማን ነው? በዕድሜ የሚበልጣቸው የለ።

ጆሊ ጁስ፦

ጠበቃ። ፈረንጅ አገር ሽማግሌ ጠበቃ ነው 😂

የድሮ ታክሲ (ዲሲ)፦

ልጄ፣ እኔ አባትሽን እበልጣቸዋለሁ መሰለኝ። ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ እነዚህ ልጆች ጁላይ 4 ሲሆን ዲሲ፣ ናሽናል ሞል ላይ በነፃ ይጫወቱ ነበር። በ1983 የመናፈሻው ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስትር፣ ጄምስ ዋት፣ ሮክ ባንድ የማይሆን ሰው ይሰበስባል ብሎ ከለከለ። ዋሽንግተን ሳቀችበት። ሬገንና ሚስቱ ራሳቸው የቢች ቦይስ ወዳጆች ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ የገዛ እግሩን መታ ለማለት ቀዳዳ ያለው የጂፕሰም እግር ሸለመው። በዓመቱ ባንዱ ተመለሰ፣ ዋት ግን ከሥልጣኑ ለቆ ነበር።

እኔ ያኔ ታክሲ እነዳለሁ። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። የዘፋኞቹን ፊት አላየሁም፤ ከሰው ብዛት የተነሣ ጉንዳን ያክላሉ። ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የጠየቀም አልነበረም። ሰው ሣሩ ላይ ተጋድሞ አብሮ ይዘፍናል። እኔ ቃሉን ሳላውቅ እህ እህ እያልኩ አጀብኩ።

አባትሽን ውሰጃቸው። ሰው የሚሄደው ዘፋኙን ሊያይ ብቻ አይደለም።

በር ላይ የቆመው (ቨርጂኒያ)፦

ክርክሩን ለእናንተ ትቼ ወደ ተግባሩ ልግባ። በሰመር እንዲህ ያሉ ክፍት አዳራሾች ውስጥ በር ላይ እሠራለሁ። ስንት አባት ደረጃ ላይ ሲሰቃይ አይቻለሁ።

ወንበር የሌለውን የሣሩን ቦታ እርሺው። ርካሽ ነው፣ ግን ዳገት ነው፣ ማታ ይረጥባል፣ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ቲኬት ስትገዢ መንቀሳቀስ ለሚቸገሩ የተለዩትን ወንበሮች ፈልጊ። ዊልቸር ያለው ሰው ብቻ ነው የሚቀመጥባቸው ብለው ብዙ አበሾች ያልፏቸዋል። ደረጃ መውጣት ለሚያቅተው ሰውም ናቸው፤ አብሮት ለሚመጣ ሰው ከጎኑ ቦታ ይሰጣል። እነሱ ካለቁ መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ያዢ፣ ከታችኛው ክፍል።

የጆሮ መሣሪያውን በተመለከተ፣ ትልልቅ አዳራሾች ድምፁን ቀጥታ ወደ ጆሮ የሚያመጣ መሣሪያ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለባቸው። መታወቂያ አስይዘሽ በነፃ ትወስጂያለሽ። በተረፈ ከትልቁ ስፒከር ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ የሳቸው መሣሪያ ሊጮህባቸው ይችላል።

ቲኬቱን ከአዳራሹ ከራሱ ገጽ ግዢ። ስሙን ፈልገሽ መጀመሪያ የሚመጣልሽ ገጽ ብዙ ጊዜ የቸርቻሪ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለሌላ ዝግጅት ከእንዲህ ያለ ገጽ ገዝቼ እጥፍ ከፍያለሁ፤ በር ላይ እየሠራሁ! ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ በዚያ ቀን እነማን እንደሚወጡ የአዳራሹ ገጽ ላይ አንብቢ። ጃኬት ያዙ።

ቤዝ መቺው፦

ለመድረክ ቅጂ ጥያቄዋ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልመልስ።

የ2012ቱ ጉብኝት በ2013 በሁለት ሲዲ ወጥቷል፣ 41 ዘፈን። አባትሽ የተቆጩበት እሱ ስለሆነ ቀድሞ የሚመጣልሽ ይሆናል። ግን ድምፁን በኮምፒውተር በጣም አስተካክለውታል፣ እኔን ይኮሰኩሰኛል። እዚያ ላይ ከፍ ያለውን ፋልሴቶ በብዛት የሚይዘው ጄፍሪ ፎስኬት ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ነፍሱን ይማር።

እኔ የምመርጥላቸው ኔብዎርዝ 1980 ነው። እንግሊዝ አገር፣ ጁን 21፣ ገላጣ ሜዳ ላይ። ሦስቱም ወንድማማቾች፣ ማይክ፣ አል፣ ብሩስ፣ ሁሉም አሉ። በ2002 ነው የታተመው፤ ሲዲም ምስልም አለው። የብራያን ድምፅ ያኔ ሻካራ ነው፣ ዴኒስም ጥሩ ሁኔታ ላይ አልነበረም። ግን አሉ። ወጣትነታቸውን ከፈለጉ ደግሞ የ1964ቱ አለ፣ ሳክራሜንቶ የተቀዳው። ከዘፈኑ የሴቶቹ ጩኸት ይበልጣል። በሙዚቃ ደረጃ የ1973ቱን የሚያህል የለም ባይ ነኝ፤ ሁለት ደቡብ አፍሪካውያን፣ ብሎንዲ ቻፕሊንና ሪኪ ፋታር፣ ባንዱ ውስጥ የነበሩበት ጊዜ ነው። ነገር ግን የአባትሽን ልብ የሚነካው እሱ አይመስለኝም።

ስለ ጆሮ መሣሪያው ደግሞ አትጨነቂ። ብራያን ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ በአንድ ጆሮ ነው የሠራው።

ለንደን 27፦

ስለ መርዶው ግን ተናገሪ፣ እህቴ። እዚያ ሄደው ስክሪን ላይ የብራያን ፎቶ ከልደቱና ከሞቱ ዓመት ጋር ቢያዩስ? በልደታቸው ቀን እንዲህ መርዶ አይሰማም። ቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቀስ ብለሽ።

የአባቷ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውጤቱን ልንገራችሁ።

እሑድ ቡና አፍልቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት። ደነገጠ፣ የአገር ቤት ዘመድ መስሎት። «ብራያን ዊልሰን…» ከማለቴ «ውይ፣ ሰማሽ እንዴ?» አለኝ።

ያኔውኑ ነው የሰማው። ቤተ ክርስቲያን አንድ ጓደኛው ነግሮት። ለእኔ ያልነገረኝ እኔ እንዳላዝን ነው አሉ! መኪና ውስጥ ሁልጊዜ የእነሱን ዘፈን ስለማደርግ እኔ ነኝ ወዳጃቸው ብሎ ያምናል። እኔ ደግሞ እሱ ደስ እንዲለው ነበር የማደርገው። ስንት ወር ሙሉ እኔ ለእሱ፣ እሱ ለእኔ መርዶ ደብቀን ስንዞር ከረምን።

ማይክ ብቻ እንደሚመጣ፣ ሌሎቹ አዳዲስ እንደሆኑ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ማይክ ከእኔ በዘጠኝ በአሥር ዓመት ይበልጣል፣ እሱ ቆሞ ከዘፈነ እኔ ተቀምጬ መስማት አያቅተኝም» አለ። የድሮ ታክሲ፣ የእርስዎንም ታሪክ አነበብኩለት። ሞል ላይ የተጋደሙበትን ሣር ካላሳዩኝ ብሏል፣ እንገናኛለን።

ኔብዎርዝን አዘዝኩ። ቲኬቱንም ቆረጥኩ፣ ከአዳራሹ ገጽ፣ ሁለት ወንበር። አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ዋጋውን ፈለገ። ቀኑን አላየም፣ ዋጋውን ብቻ። ከዚያ «በዚህ ብር አስመራ ቪላ ይገዛ ነበር» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ።

በር ላይ የቆመው፦

መተላለፊያው ዳር ነው አይደል የያዝሽው?

የአባቷ ልጅ፦

ዳር ነው። ጃኬትም ሁለት።